ሦስት ሰዎች፣ የሁለት ሰው አየር

ኑማ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ከበሩ ራቅ በይ፣ ብርዱ እንዳያገኝሽ። የትምወርቅ የሰማይ ተጓዦቹን ነገር ያወራች ዕለት የሆነውን ላጫውታችሁ።

«አየሩ ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አይበቃም! አንዱ የግድ መውጣት አለበት!» አለች የትምወርቅ። እንዝርቶቹ ሁሉ ቀጥ አሉ።

ቴሌቪዥን አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷ የትምወርቅ ለክረምት ወደ መሐል ሜዳ ስትመለስ፣ አዲስ አበባ ከአክስቷ ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን ያየችውን ፊልም ወሬ ይዛ መጣች፤ ሦስት ሰዎች በመንኮራኩር ሰማይ ወጥተው፣ መንኮራኩሩ ተሸንቁሮ አየራቸው ሲያልቅ። እናቷ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ጎረቤቶች በደቦ ጠርታ ነበርና ወሬው እዚያው ተጀመረ።

«ቆይ ቆይ፣» አሉ ከፍልሰታ ቅዳሴ መልስ ሽሮ ሊቀምሱ ጎራ ያሉት መምሬ ወልደ አማኑኤል። «እዚያ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች?»

«አትጠልቅም አሉ፣ መምሬ።»

«ታዲያ ዓርብ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ጾሙንስ መቼ ይፈቱታል?»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ቀኑን ያላወቀ ሰው ምን ኃጢአት አለበት?» አለች ከፈታዮቹ አንዷ፣ ጌታነሽ። «ቀኑ ከማይታወቅበት አገር ማን ሂድ አለው!» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «እኔ ይኼ ወሬ አልጣመኝም። ግን ቀጥይ።»

«ሰው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ያወራል ትለናለች ደግሞ!» አለች ጓደኛዋ ደብሪቱ። «ጉራሽን ንፊ! እስቲ መጨረሻውን ንገሪን፣ ማን ወጣ? ካላወቅሽ ፈጥረሽዋል ማለት ነው፤ ለተማሪው ሁሉ ነው የምነግርልሽ።»

የትምወርቅ መጨረሻውንማ አውቶቡስ ውስጥ ከራሷ ስታበጃጅ ነው የመጣችው፤ የሦስቱ አለቃ ይወጣል፣ ሌላ መንኮራኩር ደርሶ አፈፍ ያደርገዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ደብሪቱም አፏን ትይዛለች።

ይህን ልትናገር ቀና ስትል ግን፣ መምሬ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው፣ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

«አላየሁትም፣» አለች የትምወርቅ። «አለቃው እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ፣ ሳምንት ይቀጥላል ተባለ። እኔም በማግስቱ መጣሁ።»

«አላልኳችሁም!» ደብሪቱ አጨበጨበች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ውሸት ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ይቸግራት ነበር? ይልቅ ማን ይውጣ? እኔ አለቃው ይውጣ ባይ ነኝ። አለቃ የሆነው ለመቼ ነው?»

«እሱ ከወጣ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?» አለች ጌታነሽ።

«ማንም አይወጣም፣» አሉ መምሬ ቆጣ ብለው። «ተራ በተራ እየተነፈሱ ይምጡ!»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እትዬ ጥሩሸዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ወሬው አልጣመኝም ማለታቸውን ረስተው፣ ስለ አለቃው እንደገና ይሟገቱ ጀመር።

በዚያ ሁካታ መሐል ደብሪቱ እንዝርቷን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተጠጋች።

«ከሦስቱ ታናሽየው ግን... እሱ አይወጣም አይደል?»

«አላውቅም፣» አለች የትምወርቅ። ጥቂት አሰበች። «እኔ ከራሴ ያሰብኩትን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።» የትምወርቅም ያበጃጀችውን መጨረሻ በጆሮዋ ትነግራት ጀመር።

አደራ ልጆቼ፣ ሁለቱ ሴት ልጆች እንዴት አንገት ለአንገት ገጥመው እንደተንሾካሾኩ አስታውሱልኝ።