የብርቱካን አድራሻ

እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ሲያወራልኝም ወሬ አስቀይር ነበር፤ በቦታው የነበርነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ፔዳ በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ዳዊት ጠረጴዛው ጋ፣ የሥራ ባልደረባው ሰላም ከትልቁ ማሽን ኋላ ገመዶቹ ዘንድ፣ እኔ በሩ ሥር። እሑድ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፤ ከሐይቁ ዳር ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ በዚያው ለዳዊት ምሳ ይዤለት ሄጄ ነው።

ዳዊትን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቱ ብርቱካን ጡት ሳይጥል ነው የሞተችው። እኔን «እትዬ» ይለኛል፤ «እማዬ» የሚለው የእሷን ፎቶ ነው።

በዚያ ትልቅ ማሽን ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ክላውድ ነው ይሉታል፣ በዓይን የማይታዩ ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ፣ ዳዊት በቤተሰብ ስም ይጠራቸዋል። የመጀመሪያዋ ብርቱካን ነበረች። አርጅታለች ብሎ ሰረዛትና አዲሷን በእኔ ስም አስካለ አላት፤ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አስካለ እምቢ አለች» አለ ዳዊት። «ተነሥታለች፣ ግን ከውጭ ማንም አያገኛትም።»

«ምን አጥፍቼ?» አልሁ።

ሰላም ሳቀች። «እርስዎማ ምን ያጠፋሉ እትዬ፣ እሱ ነው እንጂ የሰው ቤት ቁጥር የሚሰጥዎት!»

«የብርቱካንን አድራሻ ነው የሰጠኋት፣ ባዶ ነበር» አለ።

አለሽ ወይ ብሎ ወደዚያ አድራሻ ጥሪ ላከ፣ ፒንግ ይሉታል፣ መልስ መጣ። ፊቱ ተለወጠ። እያንዳንዷ ማሽን የራሷ መለያ አላት፣ የመለሰችው አስካለ አይደለችም፣ ብርቱካን ናት። «ሰርዣት የለም እንዴ!» ፈለጋት፣ የለችም። አስካለን አጠፋት፣ መልሱ አልቆመም። በየመልሱ የማሽኑ ማራገቢያ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ፣ እመኑኝ፣ ሰላምም ሰምታለች።

«የመገናኛ ገመዱን ንቀይው!» አላት ሰላምን።

ነቀለችው፣ ጫፉን ከፍ አድርጋ አሳየችን። መልሱ መጣ። አሁንም መጣ።

«ለእኔ ሌላ አድራሻ ስጠኝ» አልሁ። «ከእሷ ጋር ለምን ታጋፋኛለህ?» እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«እማዬ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ማራገቢያው ዝም አለ።

ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።