አረፋ የምታወጣው ዶቃ

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የምትተነፍሰው?» አሉ አናጺው ኦቦ ነገራ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው።

አፍናንም አንገቷን አሰገገች። ሲደርቅ እንደ መስተዋት የሚጠነክረው ሬዚን ጠረጴዛው ላይ ከፈሰሰ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም፤ እንደ ማር ወፍራም ቢሆንም ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ የስምንተኛ ሀ ተማሪዎች ንብረት ተደርድሯል፦ ቆርኪ፣ ብይ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የድሮ ሲም ካርድ፣ ከጉደር ወንዝ የተለቀመ ጠጠር። ተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን ሲሰናበቱ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚተዉት ጠረጴዛ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ትንሽ ዕቃ አዋጥቷል። የአደራደሩ ኃላፊ አፍናን ናት። ሳምንቱን ሙሉ ስታነሳ ስትጥል ከርማ፣ ዛሬ ቅዳሜ ከጓደኛዋ ከሄቨን ጋር ወደ ኦቦ ነገራ የእንጨት ሥራ ቤት መጥታለች።

አረፋው የሚወጣው ጥግ ላይ ካለች የብር ዶቃ ነበር። አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ይተካል።

«ቀዳዳ ያለው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ በኮላ ይደፈን ብዬ አልነበር? ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር እንዲህ አየር ሲተፋ ነው የሚውለው። ማነው ያመጣት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሄቨን ቀስ ብላ። «የአያቴ ናት። ኮላውን ረሳሁት።»

ቅድም፣ ሬዚኑ ሊፈስ ሲል ነበር ዶቃዋን ከኪሷ ያወጣቻት። ለአፍናን እንኳ በደንብ ሳታሳይ ራሷ ጥግ ላይ አስቀመጠቻት።

«ግድ የለም፣ የአምቦ ልጅ አረፋ ይፈራል እንዴ?» ብለው ሳቁ ኦቦ ነገራ። «ብትቀርም ታምራለች። ትውጣ ካላችሁ ግን አሁኑኑ ነው። ከደረቀ በኋላ በመጥረቢያም አትወጣም። ማሎ፣ እባካችሁ ቶሎ ወስኑ።»

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ አረፋ ዶቃዋን ገለበጣት። ከሥር የነበረው ጎኗ ጎድጎድ ብሎ ታየ። አፍናን ክው አለች።

ያቺን ጎድጓዳ ታውቃታለች። የክፍላቸው ልጅ ዘሀራ ሕፃን ሆና ጥርስ ስታወጣ ነክሳ ያጎደጎደቻት ናት። ከሟች እናቷ የአንገት ጌጥ የቀረቻት ይቺው አንዲት ዶቃ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የጠፋችባት ዕለት ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች። ሄቨንም አብራቸው ሳሩን ስትፈትሽ ነበር።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዶቃዋ መስተዋት በመሰለው ነገር ውስጥ ለዘላለም ትቀመጣለች፤ ዘሀራ አንድ ቀን ብታያት እንኳ ልትነካት አትችልም። ብትናገር ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ሌባ ማለቷ ነው። በዚያ ላይ ኦቦ ነገራ የሰሙትን ከተማው ሳይሰማው አያድርም። አፍናን ጨነቃት።

«ትውጣ» አለች በመጨረሻ። «የአያት ዕቃ እዚህ ተቀብሮ ይቅር እንዴ?»

ሄቨን ፊቷ ልውጥ አለ። ኦቦ ነገራ ዶቃዋን በወረንጦ አወጧትና አፍናን መዳፍ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ አኖሯት። የሚጠርጉበት አልኮል ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።

«የዘሀራ ናት» አለች አፍናን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሄቨን መሬት መሬት ታይ ጀመር። «በማግስቱ በሩ ጋ ወድቃ አገኘኋት። ልሰጣት ነበር፣ ሙች! ከዚያ ዕቃ አምጡ ተባለ። ሁሉም አሪፍ አሪፍ ነገር ከቤቱ ሲያመጣ... እኛ ቤት ምን አለ? ሼም ያዘኝ።»

አፍናን ተናዳለች፤ ደግሞም አዝናለች። ሄቨን ቅዳሜም ሰኞም የምትለብሰው ያንኑ የዩኒፎርም ሹራብ መሆኑን ዛሬ ገና ልብ ያለች መሰላት።

«አሁን የኔ ቦታ ባዶ ሆነ» አለች ሄቨን። ጥጉን ትንሽ አየችው። ከዚያ የሹራቧን የላይኛውን ቁልፍ ይዛ በአንድ ጊዜ በጠሰችው።

ኦቦ ነገራ ተመልሰው ሲያዩዋት «ምነው ልጄ፣ ብርድ አትፈሪም?» አሉና ቁልፉን ተቀበሏት። ዶቃዋን በአልኮሉ ጠርገው ለአፍናን መለሱላትና፣ ቁልፉን ሬዚን ቀባ ቀባ አድርገው ባዶው ቦታ ላይ አስገቡት። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

«ኤዬ! ይሄኛው አይተነፍስም» አሉ ኦቦ ነገራ።

የዘሀራ አባት ሱቅ ከገበያው መግቢያ ላይ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ዘሀራ ሚዛኑ ጋ ቆማ ስኳር ትመዝናለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሄቨን ቆመች።

«በናትሽ፣ አንቺ ስጫት። መንገድ ላይ አገኘኋት በያት።»

«አንቺ ነሽ የምትሰጫት» አለች አፍናን፤ ዶቃዋን እጇ ላይ አኖረችላት። «እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

ገቡ። ዘሀራ ዶቃዋን ስታይ ስኳሩን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች፤ ወዲያው ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«የት አገኘሻት?»

ሄቨን ወደ አፍናን ዞረች። አፍናን መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ሳሙና ታይ ጀመር፤ ከጓደኛዋ አጠገብ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሄቨን የተከፈተውን የሹራቧን አንገት በአንድ እጇ ያዝ አደረገች።

«ዘሀራ» አለች፣ «ካገኘኋት ቆየሁ...»