አራት ጣት በአንድ ጓንት

ሐሙስ፣ የካቲት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ የእሳት አደጋ ጠላቂዎች የመሬት ቀያሹን አስከሬን ከበረዷማው ሐይቅ አውጥተው በእንጨቱ መድረክ ላይ አስተኙት። ጀርባው ላይ ያለው የመጥለቂያ አየር ሲሊንደር ባዶ ነበር። መርማሪዋ አጠገቡ ሳትንበረከክ አለቃዋ ደወለ።

«ሰውየው ደንግጦ ነው የሞተው፤ አብሮት የጠለቀው አሰልጣኝ ነግሮናል። እስከ ቀትር ፋይሉን ዝጊው።»

ስልኩን ኪሷ ስትከት ጥርሷን ነከሰች። ሬሳው ሳይደርቅ መዝገቡ ደርቋል።

የሟች ታላቅ እህት ጠጋ አለቻት። «ወንድሜ ዕድሜውን በገደል አፋፍ ቆሞ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ደነገጠ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሴት ልጁ አባቴን የገዛ ፍርሃቱ ገደለው እያለች ታድጋለች። እባክዎ፣ ያቺን ቃል ያስወጡልኝ።»

በዚያ ጠዋት በመጥለቂያ ክበቡ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው። መርማሪዋ የጀመረችው ሁሉም «እትዬ ቱቦ» ከሚሏቸው የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበር።

«መተንፈሻውን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! አሁን በእኔ ልታላክኩ ነው?» አሉ ቱግ ብለው። «በዚህ ብርድ ውስጡ ጠብታ ከቀረ በረዶ ይሆንና መተንፈሻው ተከፍቶ ይቀራል፤ አየሩ ዝም ብሎ ይንፎለፎላል። አድርቄዋለሁ! ግን ደርቆም አንዳንዴ ይከዳል። ሁለት ሆነው የሚወርዱት ለዚህ እኮ ነው፤ አንዱ አየር ቢያጣ ከሌላው ይተነፍሳል።»

«ሟቹና አሰልጣኙ አብረው ሲወርዱ አይተዋል?»

እትዬ ቱቦ አንገታቸውን ደፉ። «አሰልጣኙ ቀድሞ ገብቶ ከሩቁ ተንሳፋፊ ኳስ ዘንድ ነበር። ቀያሹ መሰላሉ ላይ ሳለ ጓንቱ ተቀደደበት፤ ሌላ ሰጠሁትና ወደ ታች የተዘረጋውን ገመድ ይዞ ወረደ። ከዚያ እኔና ዶክተሩ ሻይ ልንጠጣ ገባን።»

«ከዳር ሆናችሁ መጠበቅ አልነበረባችሁም?»

«ነበረብን።»

የክበቡ ሐኪም ደግሞ ስለ ሟቹ ልብ ጥንካሬ እንጂ ስለ ሌላ ማውራት አልፈለገም።

«ሻዩ የማን ሐሳብ ነበር ዶክተር?»

«የብርዱ» አለ።

መርማሪዋ አልሳቀችም።

አሰልጣኙ በልብስ ማድረቂያው ክፍል፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«እዚህ በረዶ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«ሞቃት ውሃ ይደፈርሳል። ይህ ግን መስታወት ነው፤ ሠላሳ ሜትር ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ፊት ሲደነዝዝ የዓለም ወሬ ሁሉ ያቆማል። ቀያሹ ‹እዚህ ታች ማንም አይጠራኝም› ይል ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ደህና ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ክብ ሠራልኝ፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ወዲያው ደነገጠና ከእጄ አምልጦ ጠፋ። ሃያ ደቂቃ ፈለግሁት።»

«ጥልቀት የሚለካው የእጅዎ ኮምፒውተር ይህን መዝግቦታል?»

«ባትሪውን ብርዱ ገደለው።»

የዛሬው ጥፋተኛ ሁሉ ብርድ ነው፤ ብርድን ደግሞ ማሰር አይቻልም። መርማሪዋ በንዴት ልትወጣ ስትል ዐይኗ ማሞቂያው ላይ ከተሰጣው የአሰልጣኙ የውስጥ ሱፍ ላይ ዐረፈ። ውሃ ከማያስገባው ልብስ ሥር የሚለበሰው ሱፍ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም ከእህትየው ጋር በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ከሟቹ እጅ የወለቁትን ጓንቶች ለአሰልጣኙ ዘረጋችለት።

«ያጥልቋቸውና ያንን ክብ ይሥሩልኝ።»

ጓንቶቹ ለአውራ ጣት አንድ ኪስ፣ ለቀሩት አራት ጣቶች በጋራ ሌላ ኪስ ብቻ ነበራቸው። አሰልጣኙ ሞከረ። ሌባ ጣቱ ከሌሎቹ አልለይ አለው።

«በዚህ ጓንት ምልክት የሚሰጠው በእጅ መብራት ነው» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«ከውሃው በታች ሟቹን ቢያዩት ኖሮ ይህን ጓንት ያዩ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የነገሩኝ ያዩትን ሳይሆን የሚያስተምሩትን ነው። ሱፍዎ ደግሞ ሌላውን ነገረኝ፤ ልብስዎ ውሃ አስገብቷል። በአራት ዲግሪ ውሃ፣ እንዲህ በስብሶ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈልግ ሰው የለም። በወዲያኛው መሰላል ወጥተው እዚህ ሲሞቁ፣ እነዚህ ሻይ ላይ ስለነበሩ አላዩዎትም።»

«ውሸት ነው!»

«የእርስዎ ባትሪ ቢሞት የሟቹ ኮምፒውተር አልሞተም። አሥራ ስምንት ሜትር ላይ፣ ለአሥራ አንድ ደቂቃ፣ ንቅንቅ አላለም። የደነገጠ ሰው እንዲህ አይቆምም። ከዚያ መውጣት ጀምሮ ስድስት ሜትር ሲቀረው መልሶ ይሰምጣል። መተንፈሻው በርዶ ተከፍቶ አየሩን ጨርሶታል፤ የሚያጋራው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።»

እትዬ ቱቦ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ከመግባቴ በፊት ገመዱ ጫፍ ላይ ጠብቀኝ ብዬው ነበር» አለ አሰልጣኙ በመጨረሻ። «ገመዱን ከላይ ሦስት ጊዜ ብስብለት ኖሮ ምልክቱን አውቆ ይወጣ ነበር። ግን ውሃ የሚከለክለውን የአንገቴን ጎማ ሳላስተካክል ገባሁ፤ ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተውን! ቶሎ ሞቄ ልመለስ፣ ማንም አያውቅም አልኩ።»

መርማሪዋ የመጀመሪያ ቃሉ የሰፈረበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እህትየው ቀድማት እስክሪብቶውን አነሳችና ለአሰልጣኙ ዘረጋችለት።

«ሕጉን እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ከአንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። ‹ደነገጠ› ያልከውን ሰርዝና ‹ጠበቀኝ› ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ።»

አሰልጣኙ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ጻፍልኝ እንጂ» አለች፤ እስክሪብቶው በእጇ እንደተዘረጋ ቀረ።