ሽቦው የላከው የሐሙስ ቀጠሮ

«እሺ» የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ! በገዛ ጣቴ! እህቴ ምንም አታውቅም ነበር! ቆይ፣ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እህቴ የመሐንዲሶች ቢሮ ጸሐፊ ናት። ሰኞ ጠዋት የቢሮው ኢሜይል ቀጥ አለ። ካሌንደሩም አብሮት ድርግም! የስምንት መሐንዲሶች ቀጠሮ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ስለተዘጋ እኔን ጎትታ ወሰደችኝና፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቀጠሮ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ፎቅ ለፎቅ አመላለሰችኝ። እግሬ አለቀ በቃ!

ኮምፒውተር ጠጋኙን ቅጥነቱን አይታ «ሽቦው» ነው የምትለው። በየሰዓቱ ትጮኽበታለች።

«ዛሬም አልተሠራም?»

«እየሠራሁ ነው እኮ!»

«ትናንትም እየሠራህ ነበር!»

ዓይን ዓይኗን ያያታል። ፊቷን ታዞራለች። ሲወጣ ግን በሩን እያየች ትቀራለች። ኧረ ሁለቱም ያናድዳሉ!

ረቡዕ ጭራሽ ሽቦው ዝውውር መጠየቁን ሰማን። እህቴ «ይሂድ፣ ግልግል!» አለችና አንዱን ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ጻፈችው።

ዛሬ ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ኢሜይሉ ነፍስ ዘራ። እህቴ አለቃዋ ጋ ገብታለች፣ ኮምፒውተሯ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የሦስት ቀን መልእክት ተግተለተለ። መሃል ላይ ከሽቦው ሰኞ ጠዋት የተላከ የካሌንደር ግብዣ!

«ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። ምሳ። ሁለታችን ብቻ። ዝም ካልሽኝ እምቢ እንዳልሽ ይገባኛል፣ ዳግም አላስቸግርሽም።»

ኧረ ጉድ! ለመላው ቢሮ «የላካችሁት አልደረሰም» እያለ ሲያስረዳ የከረመው ሰውዬ፣ የራሱ የደረሰ መስሎታል! ዝውውር የጠየቀውም ለዚህ ነዋ! ምን ዓይነት ሰው ነው? ብሽቅ ብዬ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩታ!

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ እህቴ ከአለቃዋ ቢሮ እንደወጣች፣ ሽቦው ጸጉሩን አበጥሮ በሩ ላይ ቆመ።

«ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለችው እህቴ።

«ምንም። እሺ ብለሽኝ የለ?»

እህቴ ስክሪኑን አየች። አነበበች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን።

«ሰኞ ነው የላክኸው?» አለችው፣ ድምጿ ቅጥን ብሎ።

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ አፍ የለህም?»

«ፈራሁሻ!»

«ና እንሂድ። መጀመሪያ ግን ያንን የዝውውር ማመልከቻ ቅደደው።»

ቦርሳዋን አነሳችና በጆሮዬ «አንቺን ስመለስ አገኝሻለሁ» አለችኝ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልተመለሱም! የስምንት ሰዓት ባለጉዳዮች አፍጥጠውብኛል፣ አለቃዋ ሁለቴ ፈልጓታል። ደውዬ ልረብሻቸው? ወይስ ከመምጣቷ በፊት እግሬ አውጪኝ ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኧረ ቶሎ በሉኝ!