ለአባቴ የተገባው ቃል

ገብረየስን ያወቅሁት አባቴን ሊያስፈርም የመጣ ቀን ነው። ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ወዲያ ባለው ማሳችን ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነበር። አባቴ ቶሌሳ ግን መሬቱን ለመልቀቅ ስድስት ወር ሙሉ አልፈርምም ብሏል።

ኢንጂነሩ ገብረየስ ከእሱ በፊት ከመጡት ይለያል። አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ በእንጨት እየሳለ አስረዳን።

«ብርሃኑ ፓነሉ ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይነሳሉ። እነሱ ሲፈሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አምፖል ወደሚያበራው ዓይነት ይቀይረዋል። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው።»

«ለእኛስ ይደርሰናል?» አለ አባቴ።

«መጀመሪያ የሚበራው እርስዎ ቤት ነው። ቃሌ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አፈር የነካውን የገብረየስን እጅ እያየሁ ነበር።

«አባዬ፣ እመነው። አይዋሽም» አልኩ።

ፈረመ።

ፓነሎቹ ሲተከሉ እዚያው ተቀጠርኩ፤ ብርሃን እንዳይጋርድ አቧራቸውን አጥባለሁ። ገብረየስ ጠዋት ጠዋት በረድፎቹ መሀል አብሮኝ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን እሱም መወልወያ ይዞ ያግዘኛል።

«ለፋሲካ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ አንድ ቀን። መወልወያው ከእጄ ወደቀ።

ከፋሲካ በፊት ማመንጫው ሥራ ጀመረ። ሽቦው በቤታችን አናት ላይ አልፎ ወደ ከተማ ሄደ። እኛ ኩራዛችንን አበራን።

ገብረየስ ወሎ ሰፈር ወዳለው የድርጅቱ ዋና ቢሮ ሲመላለስ ከረመ።

«ከዚህ የሚወጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው» አለኝ ዐይኔን እየሸሸ። «ቤት እንዲገባ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ፕላኑ ውስጥ የለም አሉኝ።»

«መቼ አወቅህ?»

የእጁን አቧራ አራገፈ።

«ገብሬ፣ መቼ?»

«ከማስፈረሜ በፊት። አስገባዋለሁ ብዬ ነበር… ፌናን፣ የምችል መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ያለ ሽማግሌ ብቻውን ቤታችን መጣና አባቴ እግር ላይ ወደቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ፌናን አታውቅም ነበር።»

አባቴ አነሳው። «አንተን ያመንኩ መሰለህ?» አለው ቀስ ብሎ። «አንተን መች አውቅህና። እኔ ያመንኩት ልጄን ነው።»

ደጅ ተከትዬው ወጣሁ። ወደ እኔ ዞረ።

«አትላስ ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ። አሁኑኑ እንሂድ። ትወጂኝ የለ?»

«እወድሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባቴን በእኔ አፍ ዋሸኸው። አንተን ባየሁ ቁጥር ያን ቀን ነው የማየው።»

እጄን ለመያዝ ፈለገ፤ ወደ ኋላ አልኩ። መንገድ ዳር የሚጠብቀው ታክሲ ውስጥ ገባ።

አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈቀቅ አለልኝ፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«እኔ ቅሪ አላልኩሽም» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ታክሲው ኮንዶሚኒየሞቹ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ብሮጥ እደርስበት ነበር። አልተነሳሁም።