ውኃ የሚጠጣው ግቢ

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከአዲሱ «አረንጓዴ ሕንፃ» ፊት ለፊት፣ በጡብ ንጣፉ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድ ነው ያደረው። ኢንስፔክተሯ፣ ባልደረቦቿ «ነዝናዛዋ» የሚሏት፣ ስትደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ጠበቃት። ሕንፃውን የሠራው ኮንትራክተር እጁ ላይ ካቴና ገብቷል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ዘበኛው ሰምቷል። ምን ቀረሽ? መዝገቡን ዝጊው!» አላት አለቃዋ በስልክ።

ወይ ችኮላ! ሰው ሞቶ ሬሳው ሳይነሳ መዝገብ ዝጊ! ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘጋች።

የሟቹ እህት የኮንትራክተሩ ሚስት ናት። በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ወንድሜን አጣሁ፣ ባሌን ደግሞ ልትወስዱብኝ ነው? ሌሊቱን አጠገቤ ነው ያደረው!»

ማን ይስማት! ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ምን ይገርማል ብለው ፖሊሶቹ ንቀው ትተዋታል።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየች። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተሰንጥቋል። አፍንጫው ላይ የመነጽር ምልክት አለ፤ መነጽሩ ግን የለም። የኮቱ ጀርባ በጭቃ ተለውሷል። ከሥሩ ያለው ጡብ ግን ንጹሕ ነው፤ እርጥብ ቢሆንም ውኃ አልቋጠረም።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?» አለችው ኮንትራክተሩን።

«በሥራ ነው።»

«በምን ሥራ?»

«በሥራ ነዋ!»

«ሰውዬ፣ ነፍስ ግድያ እኮ ነው! ይናገሩ እንጂ!»

አቀረቀረ። በጥፊ ልትለው እጇን በላት።

ሕንፃውን የነደፈችው አርክቴክት ግን ምላሷ አይደክምም። ነገ ምርቃት ነው። ዝናብ ሲጥል ግቢዋ ውኃውን ጠጥቶ ወደ መሬት ያሰርገዋል፣ ጎርፍ ወደ መንገድ አይወጣም፣ ከተማው ሁሉ ከዚህ ይማር፤ እንዲህ እያለች አደረቀቻት።

«ትናንት መቼ ሄዱ?» አቋረጠቻት ኢንስፔክተሯ።

«ዝናቡ ሳይጀምር። ከዚያ ወዲህ ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

«ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«ይኼ ባለጌ ገፍቶታላ! በዚያ ጨለማ፣ የቆመ ውኃ ውስጥ ሲገፉት ማን እግሩ ይጸናል?»

ኢንስፔክተሯ ተቆልፎ ያደረውን የጓሮ በር ቁልፍ ከአርክቴክቷ ተቀብላ ገባች። ጓሮውም በዚያው ጡብ ተነጥፏል፤ ግን ጭቃ ያዘለ ኩሬ ሆኗል። አንድ ጡብ ፈንቅላ ብታይ ከሥሩ ድፍን ኮንክሪት ነው። ከጠርዙ ድንጋይ አጠገብ፣ ውኃው ውስጥ፣ የሟቹ መነጽር ተሰብሮ ተኝቷል። ከጎኑ የግንበኞች ጋሪ ቆሟል።

ተመልሳ ሁሉንም ሰበሰበች። አንድ ባልዲ ውኃ አስመጥታ ፊት ለፊታቸው ደፋችው። ጡቦቹ ጭልጥ አደረጉት።

«እዚህ ውኃ አይቆምም፤ ጭቃም የለም። ሟቹ የወደቀው ጓሮ ነው፤ መነጽሩም እዚያ ነው። ጓሮውን ማንም እንዳያየው በግንበኞች ጋሪ ተጭኖ ወደዚህ መጣ። ታዲያ ማነው ጓሮው እንዳይታይ የሚፈልገው?»

«እሷ ናት ጓሮውን በኮንክሪት ያስደፈነችኝ!» ኮንትራክተሩ አርክቴክቷን እያሳየ በስንት መከራ አፉን ከፈተ። «ውኃው ወደ ምድር ቤት እየገባ አስቸገራት። ሟቹ ሲደርስበት በምርቃቱ ቀን ሰው ፊት እናገራለሁ አለ። ትናንት ተው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«አያችሁ፣ ገዳዩ እሱ ነው!» ጮኸች አርክቴክቷ።

«ቆይ እንጂ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዝናቡ ሳይጀምር ሄድኩ ብለውኛል። ታዲያ የቆመውን ውኃ የት አዩት? ይህ ግቢ ጠብታ አያስቀርም እያሉ ሲያደርቁኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት! ስለ ቆመ ውኃ ሲያወሩ ግን ቅንጣት አልገረመዎትም። ሌሊት እዚያ ስለነበሩ ነው። ቁልፉም በእጅዎ ነው።»

አርክቴክቷ ወደ ሕንፃው ዞረች። «ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ነው! ዝም በለኝ ብዬ ገፋሁት… እንዲሞት አልፈለግኩም።»

ካቴናው ከኮንትራክተሩ እጅ ወደ እሷ ተዛወረ። እሱ እጁን እያሻሸ ወደ ሚስቱ ሮጠ። እሷ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ኮንክሪት መሆኑን ስታውቅ ኖረሃል?»

«ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው…»

«ቀድመህ ብትናገር ኖሮ ወንድሜ ብቻውን ይጋፈጣት ነበር?»

ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ መንገዱ ወጣች። እሱ ሲከተላት ዘወር እንኳ አላለችም።

«ቤት እንዳትመጣ።»