የተከለከለው ውሃ

አስቴር ጎመኗን በፌስታል አንጠልጥላ ከሀና ማርያም ጉሊት ስትመለስ፣ ከሚኖሩበት ግቢ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ መሬት ላይ ያለ ነገር ይረግጣል። እባብ ያገኙ መሰላት። ከእግሮቹ መሀል የልጇን ሰማያዊ ቱታ ስታይ ግን ፌስታሉን ጥላ ሮጠች።

«ገደለው! በዓይናችን ነው ያየነው!» ይላል አንዱ፣ ብሎኬት ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ።

በክርኗ እየገፈተረች ገብታ ልጇ ላይ በደረቷ ተደፋች። ለኤልዳድ የተሰነዘረ እርግጫ ጎኗን አገኛትና ትንፋሿ ተቆረጠ። «በኢየሱስ ስም! እኔን! እኔን ርገጡኝ!» ኤልዳድ ከሥሯ ሆኖ ደምና የተሰበረ ጥርስ ተፋ። ከነሱ አለፍ ብሎ፣ ከብረቱ ደረጃ ሥር፣ ጓደኛው ዮኒ ተዘርሯል። ግንባሩ ተሰንጥቋል። ዓይኑ ፀሐይዋን እያየ አይርገበገብም።

ሁለቱ ልጆች ለቡ ሰፈር፣ ሞልቱ በሚባል ሰውዬ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳሉ። ዮኒ ከታላቅ ወንድሙ ከደምሰው ጋር ፎቅ ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራል፤ አስቴርና ኤልዳድ ደግሞ ምድር ላይ። አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ አንድ ሳህን ነው የበሉት።

ፖሊስ ሰዉን በቆመጥ በትኖ ኤልዳድን በካቴና መኪና ውስጥ ሲያስገባው፣ የምስክሩ ሁሉ ቃል አንድ ነበር። ኤልዳድ ደረጃው አናት ላይ ዮኒን በክንዱ ይዞ ይጎትታል። «ዛሬ ሳትወድ ትወርዳለህ!» እያለ ይጮኻል። ዮኒ ተንከባሎ ይወርዳል። አለቀ።

ለኢንስፔክተር ሲሃም ግን አላለቀም። ሻርፗን አገጯ ሥር ያሰረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ደቃቃ ሴት ናት። ሰው ሁሉ እየተሻማ ሲያወራላት እሷ ተንበርክካ የሬሳውን ግንባር ታያለች።

«ራስ ሲፈነከት ደሙ ልብስ ያርሳል» አለች ለራሷ። «ይሄ አንድ ማንኪያ አይሞላም።»

ጭኑን በጣቷ ተጫነችው። እንደ ግንድ ጠጥሯል። ጂንሱም በሁለቱም በኩል በመቀስ ተተርትሯል።

በዚህ መሀል ደምሰው ደረሰ። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ላፍቶ ላይ ሰው እየጫነ ሳለ ነው መርዶው የደረሰው። ወንድሙን ሲያይ ደረቱን ደቃ፤ ከዚያ ወድቆ የነበረ ፌሮ ብረት አንስቶ ወደ ፖሊስ መኪናው ሮጠ። መስታወቱ በኤልዳድ ፊት ላይ ረገፈ። ሦስት ሰው ነው ጎትቶ ያስቀረው።

ሲሃም ደምሰውን ይዛ ወደ ክፍሉ ስትወጣ አስቴር ተከተለቻቸው። «እትዬ አስቴር፣ እዚሁ ደረጃው ላይ ይቀመጡ፤ ቃልዎን እቀበላለሁ» አለቻት። በሩ ክፍት ስለነበረ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል፣ ውስጡም ይታያት ነበር።

«ጎረቤት ታሞ ተኝቶ ነበር አለኝ፤ ምን ነበር ያመመው?» አለች ሲሃም።

«ታይፎይድ። እግሩ አብጦ ሱሪ አልገባ ቢለው እኔ ነኝ የተረተርኩለት።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ገዝቼለታለሁ።»

ሲሃም ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ሥሩ ላይ እንደ ወፈረ ሻይ የጠቆረ ፈሳሽ አለ፤ ጣት አያረጥብም።

«ሽንቱ ነው» አለ ደምሰው አፍሮ። «መጸዳጃ ቤቱ ታች ስለሆነ መውረድ አቅቶት።»

«ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጀሪካኑ ግን ሙሉ ነው።»

«ውሃማ እኔው ከልክዬው ነው!» ደምሰው እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «እየለመነኝ፣ አንጀቴ እየተላወሰ ከለከልኩት። እንዳይጎዳው ብዬ።»

ሲሃም ጠርሙሱን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ አስቴር ለልጇ ምግብ ይዛ ጣቢያ ሄደች። በረኛው ፖሊስ «ቅመሺ» አላት፤ እንደ ደንቡ ከእያንዳንዱ ዕቃ ቀመሰች። ኤልዳድ ግን አልበላም። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል።

«ልጄ፣ ተናገር እንጂ! ምን አጣላችሁ?»

«ተይኝ እማ። በኔ ነው የሞተው።»

«እንደሱ አትበል! ይሰሙሃል! የሰው ነፍስ እኮ ነው፤ ዕድሜህን እስር ቤት ልትጨርሰው ነው!»

ዝም አለ። አስቴር ያልተነካውን ምግብ መልሳ ከደነችው። ይሄ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ያወራል፤ ዝም ሲል ግን አንድ ነገር አለ። ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራች።

ወጥታ ስትቀመጥ፣ ከፊት ለፊቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ሞልቱ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሲሃም ፊቱ ቆማለች።

«ጋሽ ሞልቱ፣ ሠራተኛ ይመታሉ ይባላል።»

«ማነው ያለው? እመታለሁ! በብየዳ ገመድ ነው የምመታው። እኔ ስመታ እስከ ጀሞ ይሰማል፤ እመቤቴ፣ አንቺም እዚሁ ቢሮሽ ሆነሽ ትሰሚኛለሽ።»

«ዮኒንስ?»

«አልነካሁትም። የብረት መቁረጫዬ፣ ግራይንደሩ ጠፋብኝ፤ የሱቁን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነው። ለወንድሙ ደውዬ ነገርኩት። ‹ለፖሊስ አይንገሩብኝ› ብሎ ለመነኝ፤ ተውኩት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም።»

«ገመዱን ያምጡልኝ።»

«ልትገርፊኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ሰውዬው ሲሄድ ሲሃም ከአስቴር ጎን ተቀመጠች። «እትዬ አስቴር፣ ሰሞኑን ከላይ የሰሙት ነገር አለ?»

«ጠብ አልሰማሁም። ግን ዮኒ... ተኝቶ ሳለ ሲሮጥ እንደዋለ ሰው ያለከልክ ነበር። ትኩሳቱ ነው ብዬ።»

«እርስዎ ታይፎይድ ለያዘው ሰው ምን ይሰጡታል?»

«ውሃ ነዋ! አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውሃ በላይ በላዩ።»

«ውሃ የሚከለከለውስ ማነው?»

«የቆሰለ፣ የተደበደበ ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል ይባል የለ...» አስቴር ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለማንም አይንገሩ» አለች ሲሃም።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው በእድሩ ድንኳን ሲሰበሰብ፣ ሲሃም ኤልዳድን በካቴና አስይዛ ገባች። ጉምጉምታ ሆነ። አንዷ ሴት አስቴር ላይ ተፋች። ሲሃም እጇን አንስታ ዝም አስባለች።

«ዮኒን የገደለው ደረጃው አይደለም» አለች። «ልቡ እየመታ የተፈነከተ ሰው እንደዚያ ደም አይሰስትም። ሲወድቅ ልቡ ቀድሞ ቆሟል። የወደቀውም ለዚያ ነው።»

«ልቡንስ ምን አቆመው?» አለ ሞልቱ።

«የገዛ ሥጋው። ጭን በኃይል ሲደበደብ ቆዳው ባይቀደድም ጡንቻው ከውስጥ ይፈራርሳል። ፍርስራሹ ደም ውስጥ ይገባል፤ ኩላሊት ሊያጣራው ሲታገል ይደፈናል። ሽንት መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነጥፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያየሁት እሱን ነው። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ደም አሲድ ይሆናል። ዮኒ ተኝቶ ያለከለከው ሰውነቱ ያንን አሲድ በትንፋሽ ሊያስወጣ ነው። ከተቀጠቀጠው ሥጋ ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም ይወጣል። ኩላሊት ካላስወገደው ጉልበት ያሳጣል፣ መጨረሻ ላይ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ሬሳውን የመረመረው ዶክተር በኃይሉ ኩላሊቶቹን ተደፍነው ነው ያገኛቸው።»

ዓይን ሁሉ ሞልቱ ላይ ዞረ። አንዱ ጎረምሳ «አንተ አውሬ!» ብሎ ኮሌታውን ያዘው፤ አግዳሚው ተገለበጠ፤ ሞልቱ በቡጢ ተመትቶ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተላተመ።

«ልቀቀው!» አለች ሲሃም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «የሱ ገመድ ድቡልቡል ነው። ድቡልቡል ነገር ሰውነት ላይ ሲያርፍ ሁለት መስመር ይተዋል፤ መሀሉ አይጠቁርም። የዮኒ ጭን ግን ማበጠሪያ የተጎተተበት ይመስላል፤ ብዙ ቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን። ሆዱ ባለ መስመር የሆነው የመኪና ሞተር የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋ ነው።»

አስቴር ደምሰውን አየችው። ነጠላውን አጣፍቶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ሹፌር ሞልቷል» አለ።

«ሞልቷል። ግን ለታይፎይድ ውሃ የሚከለክል ሰው አገራችን ውስጥ አላውቅም። ውሃ የሚከለከለው የተደበደበ ሰው ነው። በአፍህ ታይፎይድ አልከኝ፤ በእጅህ ግን እንደ ቁስለኛ አስታመምከው።» አንድ ፖሊስ ጥቁር የጎማ ቺንጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከሚኒባስህ ወንበር ሥር ነው ያገኘነው።»

ደምሰው ከቺንጋው ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ሥጋውን ነው የመታሁት» አለ። ከዚያ ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። «ሥጋውን! አጥንቱን አልነካሁም! ራሱን አልነካሁም! አባታችንስ በምን አሳደገን? ‹ሥጋ ላይ ምታ፣ ሥጋ ይሽራል› አይደል ያለን? እስር ቤት ከሚበሰብስ እኔ ልቅጣው ብዬ ነው! መኪናው ውስጥ አስተኛሁት፤ ጩኸቱ እንዳይሰማ ቴፑን ከፈትኩ። ‹አምጣ› እለዋለሁ፤ ‹አልወሰድኩም› ይላል። ‹ማን ወሰደው?› እለዋለሁ፤ ዝም። ዝም ሲለኝ ጨመርኩ። እሱ ዝም፣ እኔ መምታት፤ ክንዴ እስኪዝል!»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ሲሃም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ ፈሳሽ በደም ሥሩ ቢሰጠው የመዳን ዕድል ነበረው። ኤልዳድም ሲጎትተው የነበረው ወደዚያ ነው። በር ላይ ባጃጅ አቁሞ ነበር፤ ሹፌሩን አግኝቼዋለሁ። ‹በሽተኛ ላውርድ፣ ጠብቀኝ› ነው ያለው። ዮኒ ግን ‹ማን መታህ ብለው ይጠይቁኛል› ብሎ እምቢ ሲል ሹፌሩ ከበር ሆኖ ሰምቷል።» ዞራ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። የኤልዳድ ካቴና ተፈቶ የደምሰው እጅ ላይ ገባ።

አስቴር ልጇን ታቅፋ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» እያለች ፊቱን ሳመችው። ከዚያ ትከሻውን ይዛ አራቀችው። «ታዲያ ልታሳክመው ከነበረ ለምንድነው ዝም ያልከው? ‹በኔ ነው የሞተው› ያልከኝስ?»

ኤልዳድ እናቱን ማየት አልቻለም።

«ግራይንደሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እማ። ሸጬዋለሁ። ዮኒ አይቶኛል። እንዳይናገር ለምኜዋለሁ።»

 ደምሰው በካቴና እንደታሰረ ብድግ አለ።

«ዮኒ እኮ ስምህን አልጠራም» አለው። «እስከ መጨረሻው።»

የአስቴር እጅ ከፍ አለ። ያን ሁሉ እርግጫ በጎኗ የተቀበለችለትን ልጅ ልትመታው ከራሷ በላይ አነሳችው፤ ሰዉም የጥፊውን ድምፅ ጠበቀ። ኤልዳድ አልሸሸም፤ ፊቱን አቀና።

አስቴር ቀና ስትል ደምሰው እጇን እያየ ነበር። ሁለት ፖሊስ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ይጎትተዋል፤ እሱ ግን አንገቱን ወደሷ አዙሮ፣ ቃል ሳያወጣ፣ ራሱን ቀስ አድርጎ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

እጇን አወረደችው።